የግራ ዘለበት

ዘለበቱ በቀኝ በኩል ነበር።

መቀነቱን ከቁም ሳጥኑ የታችኛው መሳቢያ አውጥቼ አልጋው ላይ ዘረጋሁት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዤው ስለምሄድ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። ጠቅልዬ ፌስታል ውስጥ ልከተው ስል እጄ ቆመ።

እኔ ግራኝ ነኝ። ሳረግዝ መቀነቱን የተቀበልኩ ዕለት የጣቢያዋ ሠራተኛ ልጅ ከዘለበቱ ጋር ስታገል አይታ፣ «ቆይ እስኪ፣ ላዙርልሽ» አለችና ፈትታ በግራ በኩል ገጠመችልኝ። ወረፋ የሚጠብቁት እርጉዞች ሳቁ። የባሌ ወንድም ሚስት ረድኤትም እዚያው ነበረች፤ «ሶስና ልጁንም በግራ በኩል ነው የምትወልደው» ብላ ሁሉንም እንደገና አሳቀቻቸው። ስለዚህ አልረሳውም። በሰፈራችን ዘለበቱ በግራ የሆነ መቀነት የነበራት ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አልጋው ላይ የተዘረጋው ግን የቀኝ ነው። መሳቢያው ውስጥ ያስገባሁት ልጄን ሐመልማልን በወለድኩ ሳምንት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም።

እኔ የምፈራ ሰው ነኝ። ስልክ ሲጮህ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ልጄ ከትምህርት ቤት ትንሽ ስትዘገይ መንገድ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ባሌ በረከት «አንቺ እኮ ዝናቡ ሳይመጣ ነው የምትርሺው» ይለኛል። እንደዚህ መሆኔን ስለማውቅ መጀመሪያ ራሴን ገሠጽሁ። ምናልባት የጣቢያዋ ልጅ በኋላ መልሳ አዙራው ይሆናል አልኩ። ምናልባት ስወልድ ሲፈቱልኝ ነው። ከዚያ መቀነቱን በቀሚሴ ላይ ታጥቄ በግራ እጄ ዘለበቱን ለመግጠም ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። እምቢ ሲለኝ ጣቶቼ አንድ ነገር አስታወሱ።

በእርግዝናዬ መጨረሻ ወራት መቀነቱን መታጠቅ ከብዶኝ ነበር። ጣቶቼ አብጠው ነው ብዬ አለፍኩት። ያኔ ረድኤትም ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች፣ «እርግዝና መታጠቅም አስረሳኝ፤ ዛሬ ይህን ዘለበት ለመግጠም ጸሎት ማድረስ ነበረብኝ» ማለቷ ትዝ አለኝ። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ስቀን ነበር።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ።

መቀነቱ በደብረ ብርሃን ለማንኛዋም እርጉዝ የሚሰጥ ነው። ሴቷ ማርገዟ በታወቀ ሳምንት ታጥቀዋለች፤ ለመታጠብ ካልሆነ አታወልቀውም። ጠዋት ጠዋት ሆድ ውስጥ ያለውን አዳምጦ ይናገራል። «ጽንሱ እያደገ ነው። መልካም ቀን» ይላል። ያኔ ታክሲ ተራ ላይ ስንቆም የሴቶች ሆድ በየተራ ሲናገር ይሰማ ነበር፤ ወንዶቹ እንዳልሰሙ ሆነው ወደ መንገዱ ያያሉ። አንዳንዴ ሰልፉ መካከል አንዱ መቀነት ዝም ይላል። የዚያ ቀን ሁላችንም ያቺን ሴት ላለማየት እንሞክራለን። ዝም ያለባት ሴት በማግስቱ ሰልፉ ላይ አትገኝም፤ ጣቢያው በመኪና ወስዶ ያስተኛታል።

መቀነት ከመጣ ወዲህ አዋላጆች ሆድ በእጃቸው መዳሰስ ትተዋል። ለምን ይዳስሳሉ? የልጁ እድገት ቀኑን ሙሉ በእናቱ ስም ጣቢያው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። አንድ ልጅ ትንሽ ሆኖ ቢወለድ ክብደቱን አይተው አይፈርዱም፤ አንዳንዱ እንደ እናቱ ደቃቃ ነው፣ ጤነኛ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሲያድግ ቆይቶ ማህፀን ውስጥ ምግብ አጥሮት የተገታ ነው። ሁለቱን የሚለየው መቀነቱ ያየው ብቻ ነው። በዚያ መሠረት ልጁ ሲወለድ ወይ ነጻ ይባላል ወይ ጥብቅ። ሰባተኛ ዓመቱ ላይ እናትየዋ መቀነቷን ይዛ ትሄድና ምድቡ ይጸናል። ከጸና በኋላ አይነካም።

የሐመልማል ማጽኛ ነገ ነበር። የረድኤት ልጅ የዮፍታሔም እንዲሁ። የተወለዱት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው።

ሐመልማል ነጻ ናት። ስትወለድ በጣም ትንሽ ነበረች፤ ፊቷ ብቻ የሚታይ፣ ቆዳዋ የላላ። እኔ አልቅሼ ነበር። አዋላጇ መዝገቡን አይታ፣ «አይዞሽ፣ እድገቷ አንድም ቀን አልቀነሰም። እንደ አንቺ ደቃቃ ናት» አለችኝ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ብቻ መቀነቱ መናገር አቁሞ ነበር፤ ለጣቢያው ስነግራቸው መዝገቡ ደህና ነው፣ ወር ሲገባ እንዲህ ያደርጋል፣ አትጨነቂ አሉኝ። በዕድሜዬ አትጨነቂ ተብዬ እሺ ያልኩት ያኔ ብቻ ነው።

ረድኤት ግን ስምንተኛ ወሯ ላይ፣ ጣቢያው መዝገብ ላይ መቀነቷ ዝም ማለቱ ታየ፤ ጠዋት ተናግሯል ብትልም አላመኗትም። ወሰዷት። ሆዷን ቀደው ልጁን አወጡት። ዮፍታሔ ለመጣበት ጊዜ ደህና ክብደት ነበረው፤ ግን መቀነቱ እድገቱ ቆሟል ስላለ ጥብቅ ተባለ። ሳንባው አልጠናም ነበርና የመስታወት ሣጥን ውስጥ ብዙ ቆየ። ቤት ሲገባ የጓዳ በር ቁልፍ ተከትሎት መጣ።

ጥብቅ ልጅ ያለበት ቤት ምግብ የሚቀመጠው ጓዳ ውስጥ ብቻ ነው። በሩ ላይ ያለው ቁልፍ በምግብ ሰዓት ይከፈታል፤ የሚወጣውን ይመዝናል፤ ሲመሽ ይዘጋል። ከዘጋ በኋላ አዋቂውም አይበላም። ምክንያቱን ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ማህፀን ውስጥ የተራበ አካል ቁጠባ ይማራል፣ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ያከማቻል፣ ልጁ ሲፋፋ የልብና የስኳር በሽታ አብሮ ይፋፋል። ስለዚህ ጥብቅ ልጅ በልክ ይበላል፤ ክንዱ ላይ የደም ግፊት የሚያይ አምባር አለው፤ በየወሩ ኩላሊቱ ይታያል፤ ትምህርት የሚያግዘው ሰው ይመደብለታል። የሰፈር ልጆች «ቁልፉ መጣ! ቁልፉ መጣ!» እያሉ ይስቁበታል።

የውጭው በር ተንኳኳና ሐመልማል ገባች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች።

«እማ፣ ራሴን ያመኛል።»

«ሮጠሽ ነው?»

«አልሮጥኩም። ደረጃውን ብቻ ነው የወጣሁት። አያቴ ጭኮ አላስቀመጠችልኝም?»

አማቴን እማማ ብሌንን ነው የምትለው። እማማ ብሌን በግቢያችን መካከል ባለችው አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ በስተቀኛቸው እኛ፣ በስተግራቸው ረድኤት። ሁለት የልጅ ልጆች አሏቸው፤ አንዱን ማብላት ስለማይችሉ የሁለቱንም ለአንዷ ያበሉ ነበር። በቅቤ የራሰ ጭኮ፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ወተት። ሐመልማል ዓመት ሳይሞላት እኩዮቿን ደረሰችባቸው፤ ሁለት ዓመቷ ላይ አለፈቻቸው። «ያቺ ጫጩት ይህን አከለች!» እያሉ ለጎረቤት ያሳዩአት ነበር። እኔም ከደረቴ ድንጋይ የወረደ ያህል ነበር። ጉንጯን እያየሁ እተኛ ነበር።

አሁንም ጉንጯን አየሁት።

«ሐሙዬ፣ ባለፈው የዮፍታሔን አምባር ስታደርጊ ምን ሆነ ነበር ያልሽኝ?»

«ጮኸ» አለች እየሳቀች። «እሱ ላይ ሁሌ አረንጓዴ ነው። እኔ ላይ ሲያደርገው ቀይ ሆኖ ጮኸ። ዮፍቲ፣ ‹አምባሩ አንቺን አይወድሽም› አለኝ።»

ይህን ስትነግረኝ የሷ አምባር ስላልሆነ ነው ብዬ ነበር። ያኔም ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን እኔ የማልፈራው ነገር ስለሌለ ፍርሃቴን አላመንኩትም።

«አያትሽ ጋ ቆዪ አሁን። ጭኮ አትብዪ።»

«ለምን?»

 መቀነቱን በፌስታል ይዤ እኔም ተከትያት ወጣሁ።

እማማ ብሌን ደጃፋቸው ላይ በጋቢ ተጠቅልለው የመጨረሻዋን ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ትዝታቸው ከእኔ ይሻላል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እኔና ረድኤት እርጉዝ በነበርን ጊዜ መቀነታችንን ነክተውት ያውቃሉ?»

ፊታቸው በራ። ብዙ ጊዜ እንዲጠየቁት ሲጠብቁት የኖሩት ነገር መሰለኝ።

«ማን ነገረሽ? ለማንም አልተናገርኩም እኮ!»

«ምኑን?»

«ጠበል አስነክቼዋለሁ። ሁለታችሁም ገላችሁን ልትታጠቡ ገብታችሁ ነበር፤ ሰባተኛ ወራችሁ ላይ። ሁለቱን በአንድ ነጠላ ጠቅልዬ ሮጥኩ። ቄሱ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ አይረጭም ብለውኝ ነበር፤ አባቴ፣ የሚረጨው ለዕቃው ሳይሆን ለልጆቹ ነው አልኳቸው። ረጩልኝ። ውሃው ሳይነጥፍ አምጥቼ በየበራችሁ እጀታ ላይ አንጠለጠልኩ። አልጠረጠራችሁም!»

ሳቁ። ጥርሳቸው ጥቂት ነው፤ ሲስቁ አፋቸውን በጋቢያቸው ይሸፍናሉ።

«ሁለቱ መቀነቶች ይመሳሰሉ ነበር እማማ?»

«እንዴ፣ አንድ ዓይነት አይደሉም? መንግሥት ለሁሉም አንድ ነው የሚሰጠው።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። «በእኔ ጊዜ ይሄ ሁሉ አልነበረም። አዋላጇ በሜትር ሆዴን ትለካ ነበር፤ እንደ ልብስ ሰፊ። ካልገፋ፣ ነይ ብላ ትቆጣኝ ነበር። እጇ ቀዝቃዛ ነበር ብቻ።»

ፈገግ አልኩላቸው። ሌላ ምን ላድርግ?

ሐመልማል ከክፍላቸው ብቅ ብላ፣ «አያቴ፣ ማሩስ?» አለች። እማማ ሊነሱ ሲሉ ትከሻቸውን ያዝ አደረግሁ።

ግቢው መካከል ቆሜ አሰብኩ። ለበረከት ደወልኩ፤ ፋብሪካው ስልክ በር ላይ ስለሚቀበል አላነሳም። ካልተናገርኩ ማንም አያውቅም። ነገ ጠዋት ይህን መቀነት አቀብላለሁ፤ ዘለበቱ በየት በኩል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሐመልማል ለዘለዓለም ነጻ ትሆናለች። የፈለገችው ትምህርት ቤት ትገባለች፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫው ይቀጥራታል፤ ሽማግሌ ሲላክ መጀመሪያ የሚጠየቀው የልጅቷ ምድብ ነው፤ ያንን ስትጠየቅ አንገቷን አትደፋም።

ደግሞም ማንም አይመረምራትም። ነጻ ልጅ ራሷን ሲያማት ትተኛ ይባላል። ደረጃ ሲያደክማት ወፍራም ናት ይባላል። በሌላ ልጅ አምባር ላይ ቀይ ሲበራ ልጆቹ ይስቃሉ። እኔ ሁልጊዜ ከመጥፎው ነው የምጀምረው፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሃያ ምናምን ዓመቷ ነው፤ ሥራ ቦታዋ ላይ ናት፤ ስልክ ይደወልልኛል።

የረድኤትን በር አንኳኳሁ።

«ግቢ፣ ግቢ፤ ሊዘጋብኝ ነው» አለች ሳታየኝ። ጓዳው በር ላይ ቆማ የዮፍታሔን እራት እያወጣች ነበር። ሳህኑን ቁልፉ ሥር ባለው ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ቁልፉ፣ «ትርፍ አለው» አላት። በማንኪያ ጥቂት ምስር ቀነሰች። «አሁንም» አላት። ደግማ ቀነሰች። «የኔ ጌታ፣ ይኼ እኮ እንደ አማት ነው» አለችኝ። «በይ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል። ደግሞ ማን ሞተ?»

«መቀነትሽን አምጪው።»

«ለነገ? አዘጋጅቼዋለሁ።»

«አምጪው ረድኤት።»

አመጣችው። ጠረጴዛው ላይ የእኔን ከፌስታል አውጥቼ ከሷ አጠገብ አስቀመጥኩ። ዘለበቱን አየች። የሷ በግራ ነበር። የእኔን አየች። ከዚያ መልሳ የሷን።

 ዮፍታሔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምስሩን በጥንቃቄ፣ ፍሬ በፍሬ ይበላ ነበር። የጓዳው በር ጠቅ አለ። «ጓዳው ተዘግቷል። ደህና እደሩ» አለ። ዮፍታሔ፣ «ደህና እደር» ብሎ መለሰለት፤ እንደ ሰው።

«ማን ነው የቀየራቸው?» አለች ረድኤት።

ስለ ጠበሉ ነገርኳት። ስጨርስ ዮፍታሔን ወደ ሌላው ክፍል ላከችው። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች።

«የአንቺ ልጅ ናት ማደጓን ያቆመችው» አለች።

«አዎ።»

«የኔው ልጅ ያድግ ነበር። እያደገ ነው ቀደው ያወጡት።»

«አዎ።»

«መስታወት ውስጥ ሆኖ ትንፋሹ ሲቆም፣ በጣቴ እግሩን እየመታሁ ተንፍስ ተንፍስ ስለው፣ አንቺ መጥተሽ በመስኮት ታለቅሺልኝ ነበር።»

«ረድኤት...»

«ቆይ። ስትፈሪ የኖርሽውን ሁሉ እኔ ነኝ የኖርኩት።» ድምጿን አላነሳችም። «ልጄ የጠገበበትን ቀን አላውቅም። ባለፈው ፋሲካ ከሰው ቤት አጥንት ለቅሞ ሲግጥ አግኝቼው መታሁት። በእጄ መታሁት፣ ሶሲ። ጤነኛ ልጅ ስለራበው።»

 የሷን ልጅ ያስራበው የእኔን ልጅ አጥግቦ ነበር፤ ያጠገበው ደግሞ የሚጎዳት ነገር ነበር። 

መጋረጃውን ገልጣ ወደ ግቢው አየች። እማማ ብሌን ለሐመልማል ጫማዋን ያስሩላት ነበር፤ ልጅቷ አጎንብሳ ማሰር ስለሚያደክማት።

«ዝም ብትይ ማንም አያውቅም ነበር» አለች ረድኤት።

«አምባሩ እሷ ላይ ይጮኻል።»

መጋረጃውን ለቀቀችው። ነጠላዋን አነሳች። «ጣቢያው ዛሬ አምሽቶ ይሠራል። ተነሺ።»

ጣቢያው ውስጥ ለነገ የሚያዘጋጁ እናቶች ተሰልፈው ነበር። ሲስተር ፀዳል ሁለቱን መቀነቶች ማሽኑ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው፤ ከዚያ የእኔንና የረድኤትን መዳፍ አስጠጋች። ጨርቁ የባለቤቱን ላብ ይዞ ይኖራል። ማሽኑ አሰበ። ሲስተሯ ብዕሯን በጣቶቿ መካከል እያዞረች ጠበቀች።

«ተቀያይረዋል» አለች። «ከሰባተኛው ወር ጀምሮ።»

እንደ ደረሰኝ ስህተት ነው የተናገረችው። ሌላ ጊዜም ያጋጥማል አለች፤ እህትማማቾች፣ አንድ ቤት የሚኖሩ፣ ልብስ አብረው የሚያጥቡ።

የሐመልማልን ውፍረትና ራስ ምታት ነግሬ፣ «ያኔ ቢታወቅ ኖሮ?» አልኳት።

«ጽንሱ መድከሙ ሲታይ ይተኙ ነበር። ቀደም ብላ ትወለድ ነበር። ከጡት ጀምሮ በልክ ትመገብ ነበር፤ እንዲህ በአንዴ አትፋፋም ነበር።» ስክሪኑን አየች እንጂ እኔን አላየችም። «ለራስ ምታቷ ነገ የደም ግፊቷ ይታያል። ኩላሊቷም። ልቧም።»

«አሁን ዘግይቷል?»

«ከአሁን ይጀመራላ።»

ረድኤት ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች። «የኔስ ልጅ?»

«ነጻ ነው እናቴ። እንኳን ደስ አለዎት።»

ረድኤት ሳቀች። ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ዞረው አዩን። ሳቁ አላምር ሲል በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሲስተሯ የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

ስንመለስ ብርዱ ጠንክሯል። ረድኤት ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ ልደርስባት አልሞከርኩም። የዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ስጠጋት ፊቷን ሳታዞር መናገር ጀመረች።

«ሳህኑ ትንሽ ይሁን። ትልቅ ሳህን ላይ ጥቂት ምግብ ያስለቅሳቸዋል።»

«እሺ።»

«ማታ ሲርባት የሞቀ ውሃ ስጫት። ቀረፋ ጣል አድርጊበት፤ ቀረፋ አይመዘንም። ሳህኗን ስትልስ አትቆጪያት። በሩ ሲዘጋ ፊቷን አትዪ፣ ሥራ ያዢ።»

«እሺ።»

«የመጀመሪያውን ሳምንት ታለቅሳለች። ከዚያ ታቆማለች።» አሁን አየችኝ። «ማቆሟ ነው የሚከፋው። ያኔ ነይና እኔ ጋ ተቀመጪ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። እጄን ይዛ መንገዱን አሻገረችኝ፤ የሚመጣ መኪና አልነበረም።

በራችን ጋ ስንደርስ፣ «ለእማማ አንነግራቸውም» አለች።

«አንነግራቸውም።»

ጣቢያው የላከው ቴክኒሺያን ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ቁልፉን ከረድኤት ጓዳ ፈትቶ እኛ ጓዳ በር ላይ ገጠመው። በድሮው በር ላይ አራት ቀዳዳዎች ቀሩ። እማማ ብሌን በብርዱ መሰርሰሪያውን ሊያዩ ወጡ።

«ምነው ወደ እናንተ ዞረ?»

«ሐሙ ወፍራለች ብለው ነው እማማ» አልኩ። «ትንሽ ትጠበቅ አሉ።»

«ዮፍቲስ?»

«ድኗል» አለች ረድኤት። «ነጻ ነው ብለውናል።»

አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ሲያለቅሱ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ጠበሉ!» አሉ። «አላልኩም? ለሁለታችሁም አስረጭቼ ነበር።» ረድኤት ዘወር ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እኔ ጋቢያቸውን አስተካክዬ አልጋቸው ድረስ ወሰድኳቸው።

የመጀመሪያውን ቀን እናት በእጇ ትዘጋለች፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉ ራሱ ያውቃል። እስክዘጋው ድረስ የቤቱን ምግብ ሁሉ ማስገባት ነበረብኝ። ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ ቆሎውን አስገባሁ። አልጋዋ ሥር እማማ የደበቁላትን የማር ዕቃ አገኘሁ። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ ጭኮ ነበር፤ ግማሹ ተገምጧል። እሱንም አስገባሁ።

ሐመልማል ፒጃማዋን ለብሳ የጓዳው ደፍ ላይ ቆመች።

«ግማሹ የኔ አይደለም» አለች። «የዮፍቲ ነው። ነገ ደብቄ ልሰጠው ነው ያስቀመጥኩለት።»

«ከነገ ጀምሮ ዮፍቲ ቤቱ ይበላል።»

«እኔስ?»

«አንቺም ትበያለሽ። በልክ።»

«የሚቆለፍበት እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም እማ። ተሳስተዋል። ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ የኔ ልጅ።»

«እና?»

በመስኮቱ ወደ ማዶ አየሁ፤ ሌላ የማይበት ቦታ ስላልነበረኝ። የረድኤት ጓዳ ክፍት ነው፤ መብራቱ በርቷል። ዮፍታሔ ደፉ ላይ ቆሟል። እጁን በሩ ላይ፣ ቁልፉ በነበረበት ቦታ አድርጎ ይጠብቃል። እናቱ ግባ ስትለው በአፏ እንቅስቃሴ አየሁ። አልገባም። ሐመልማል መስኮቱን ከፍታ፣ «ዮፍቲ፣ ግባ! ሰውየው ቁልፉን ወስዶታል!» ብላ ጮኸች። ወደ እኛ ዞሮ አየ። አሁንም አልገባም። ረድኤት ራሷ ገባች። ዳቦ አነሳች፤ ጓዳው ወለል ላይ ቁጭ ብላ መብላት ጀመረች። ማታ ከበላች ስንት ዓመቷ ነው። እየበላች ወለሉን ከጎኗ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት። ልጁ ቀስ ብሎ አንድ እግሩን አስገባ።

መስኮቱን ዘጋሁት። ብርዱ ገብቶ ነበር።

«ማታ ቢርበኝስ?» አለች ሐመልማል።

«የሞቀ ውሃ አለ። ቀረፋ አደርግበታለሁ።»

አሰበች። እጇን ወደ ዳቦው ልትዘረጋ ስትል ወደ ኋላ ሳብኳት። አልታገለችኝም፤ ሆዴ ላይ ተለጥፋ ቆመች፤ ድሮ ውስጡ በነበረችበት ቦታ ላይ፣ ቀሚሴን በሁለት እጇ ጨብጣ። የልቧን ምት በልብሴ ውስጥ አዳመጥኩት። ሲፈጥን ይሰማኛል፤ ግን እኔ ሁልጊዜ የፈጠነ ነው የሚመስለኝ።

ሥራ ያዢ ተብዬ ነበር። የጓዳውን በር መያዣ ያዝኩ። ለቀኝ እጅ የተሠራ ነው። በግራዬ ገፋሁት፤ አልያዘም። ደግሜ ገፋሁት። ከዚያ ቀኝ እጄን ከልጄ ጀርባ አንስቼ ጨመርኩበት፤ በሩ ጠቅ ብሎ ተቆለፈ።